የሆልቃው ድኩላ

አርብ ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ከጁምዓ ሶላት መልስ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ከሀና ማርያም ወጥተው የፉሪን ዳገት ተያያዙት። የፊተኛው አስረስ ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚራመድ የእህል መጋዘን ዘበኛ። የኋለኛው አብዶ ነው፤ አጭር፣ ደንዳና፣ አፉ የማያርፍ ቆዳ ነጋዴ። አስረስ ትከሻው ላይ የዶማ እጀታ የታጨቀበት ጆንያ አጋድሟል። ከእጀታዎቹ መሐል አንዱ እጀታ አልነበረም፤ አብዶ ከአያቱ የወረሰው ውጅግራ ነበር። በዚያ ዓመት ጠመንጃ ይዞ መታየት ጣጣ ነበረው። ስለዚህ ሽማግሌው መሣሪያ እንደ እርሻ ዕቃ ተሸፋፍኖ ከሰፈር ወጣ።

«ቀና ብለህ ሂድ እንጂ፤ ሌባ ነው የምትመስለው» አለ አብዶ።

«የዶማ እጀታ ማን ይሰርቃል?»

«ፊቱን እንዳንተ የጣለ ሰው ምን ይታመናል?»

አስረስ አልሳቀም። ከሐምሌ አሥራ አራት ወዲህ ስቆ አያውቅም።

ያን ዕለት ሚስቱ ተናኘ አረፈች። ልጅ አልነበራቸውም፤ ዘመዶቹም መንዝ ናቸው። ተናኘ ከሞተች በኋላ ቤቱ መግባት ስላስጠላው ተረኛ ባልሆነባቸው ሌሊቶች እንኳ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጦ ማደር ጀምሯል። ሰው ሲያጽናናው ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ብቻውን ይበላል። የፊታችን እሑድ ደግሞ አርባዋ ነው፤ ተዝካሯ።

ተናኘ የሰፈሩ ወጥ ሠሪ ነበረች። ልጅ ሲዳር፣ ክርስትና ሲነሳ፣ ሰው ሲሞት፣ ትልቁ ድስት ጉልቻ ላይ ሲወጣ ማማሰያውን የምትጨብጠው እሷ ናት። ዋጋ ተቀብላ አታውቅም። የስንቱን ተዝካር በእጇ ያወጣች ሴት በራሷ ተዝካር ላይ የሥጋ ወጥ ሳይሸት ልትሸኝ ነው። ያለውን ሁሉ ሕመሟ ጨርሶታል። የነፍስ አባቱ አባ ኢያቄም ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ ጸሎቱ ነው ዋናው። ንፍሮም ይበቃል፤ ጎረቤትህ ሶሬቲ እኔ እቀቅላለሁ ብላለች» አሉት። አስረስ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ሲወጣ ግን ጥርሱን ነክሶ ነበር። ንፍሮ! ለተናኘ!

መፍትሔውን ያመጣው አብዶ ነው። ቆዳ ሲሸምት ሲዞር የማያውቀው ገደል የለም። ከፉሪ ጀርባ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ የአገሬው ሰው ሆልቃ የሚለው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ጥድና ወይራ ያልተነካበት ጫካ እንዳለና በጫካው ውስጥ ድኩላ እንደሚውል ነገረው። ውጅግራው ከሦስት ጥይት ጋር አለ። አስረስ በወጣትነቱ ኦጋዴን ዘምቶ የተመለሰ ነው፤ ማነጣጠር ያውቃል።

«ተኳሹ አንተ፣ አራጁ አንተ። እኔ አባራሪ ነኝ። ሥጋው የተናኘ፣ ቆዳው የኔ» ብሎ አብዶ ስምምነቱን ቋጨው።

አራጁ ማን እንደሚሆን መነጋገር ያስፈልግ ነበር። በጥይት የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ ማንም አይቀምሰውም። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በስመ አብ ያለበት ሰው ካረደው የክርስቲያን ሥጋ ነው፤ ቢስሚላህ ካለበት የሙስሊም ሥጋ ነው። ሁለቱ አሥራ ስምንት ዓመት አጥር ለአጥር ሲኖሩ ይህን ወሰን አንድም ቀን አላለፉም። አስረስ በፋሲካ ሲያርድ ለአብዶ ቤት የሚሻገረው ቆዳው ነው። አብዶ በአረፋ ሲያርድ ለአስረስ ቤት የሚመጣው ሙዝና ብርቱካን ነው። ከአንድ ሳህን በልተው አያውቁም፤ አንዳቸውም ቅር ብሏቸው አያውቅም።

የፉሪን አናት ሳይጨርሱ ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ ባሕር ዛፎቹን አጎነበሳቸው፣ ቀጥሎ በረዶው ወረደ። ፈረስ የሚያስደነግጥ በረዶ ነበር፤ ጭንቅላታቸውን በጆንያው ሸፍነው እየተንሸራተቱ ቁልቁል ሮጡ። ጭቃው የአብዶን አንድ ጫማ ነጠቀው። ጎንበስ ብሎ እስከ ክርኑ ድረስ ጭቃ ውስጥ እየቆፈረ አወጣውና እንደገና አጠለቀው። ከተራራው ጀርባ ያለው ወንዝ ገና አልሞላም ነበር፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ተሻገሩት። ሲመሽ ሆልቃ አፋፍ ላይ ደረሱ፤ አለት ሥር ተጠግተው፣ ዳቦ ቆሎ ቆርጥመው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው አደሩ። አብዶ አንኮራፋ። አስረስ ግን ከዳገቱ ማዶ የቀረውን ባዶ ቤቱን እያሰበ ነጋለት።

ቅዳሜ ማለዳ ሆልቃ በጉም ተሞልቶ ጠበቃቸው። ጉሬዛዎች ከጥድ ጥድ እየዘለሉ ጤዛ ያራግፋሉ። አብዶ ከቤት ያመጣውን የጠፍር ጥቅል አንገቱ ላይ አጥልቆ ወደ ሸለቆው ግርጌ ወረደ። አስረስ ደግሞ አውሬው የሚወጣበትን ቀጭን መንገድ ቁልቁል የሚያሳይ ገደል ጫፍ ላይ በሆዱ ተኛ። ውጅግራው አንዲት ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። አንዷን አጎረሰ፣ ሁለቱን ጉያው አደረገ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ ከታች የአብዶ ጩኸት ተሰማ፤ ድንጋይ በድንጋይ ይደበድባል፣ ያፏጫል፣ ቆዳ ሲጫረት የሚጮኸውን ሁሉ ይጮኻል። ቁጥቋጦው ተናወጠ። ድኩላው ብቅ አለ፤ ጥቁር ወንድ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀንዱ እንደ ጦር የሾለ። ቆመ። ጆሮውን አዞረ።

አስረስ ቃታውን ሳበ። ቀጭ ብሎ ቀረ። የትናንቱ ዝናብ ጥይቷን ገድሏታል። የከሸፈችውን አውጥቶ ሁለተኛዋን አጎረሰ። ድኩላው ድምፁን ሰምቶ ዘለለ። በዝላዩ መሐል ተኮሰ። ውጅግራው አገሳ፣ ጭሱ ዓይኑን ከለለው፣ ሰደፉ ትከሻውን ሊገነጥለው ደረሰ። ጭሱ ሲገፈፍ መንገዱ ባዶ ነበር።

«ወደቀ!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ። «እኔ ዘንድ ወደቀ!»

አስረስ አንገቱን አሰገገ። ድኩላው ከገደሉ ተንከባሎ ጅረቱ ዳር ተጋድሟል፤ አብዶ አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። ከአስረስ እስከዚያ ቀጥታ መውረጃ የለም። ዞሮ መውረድ አለበት፤ ቢሮጥም ሩብ ሰዓት ነው።

«ነፍስ አለው?»

«አለው። ግን እየደማ ነው። አይቆይልህም፤ ልረደው?»

አስረስ ሁሉም ነገር ታየው። አብዶ ቢያርደው የተናኘ ተዝካር ቀረ። ዝም ቢል ይሞትና በክት ይሆናል። ሌላ ጥይት ቢተኩስበት ይገድለዋል። በዚያች ቅጽበት ከአፉ የወጣውን ቃል ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

«አትረደው! ያዘው! እስክደርስ ያዘው፣ በናትህ!»

ሮጠ። ቀጋው ሱሪውን ቀደደው፣ አጋሙ ፊቱን ቧጠጠው። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቴም ውጅግራውን ከፍ አድርጎ ይዞ ተነሳ። ከታች የኮቴ ድምፅ፣ የቅርንጫፍ ስብራት፣ ቀጥሎ የአብዶ እህህታ ተሰማው። ቆይቶ ሁሉም ጸጥ አለ።

ጅረቱ ዳር ሲደርስ አብዶ ድኩላው ላይ ተኝቷል። ሁለቱን ቀንዶች በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የአውሬውን አንገት በደረቱ ተጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ድኩላው ይተነፍሳል።

«ፍጠን» አለ አብዶ፣ ጥርሱን ሳይገልጥ።

አስረስ ቢላዋውን መዘዘ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለና ባረከው። ደሙ ሞቅ ብሎ እጁ ላይ ፈሰሰ። አውሬው ሁለት ጊዜ ተፈራግጦ ዝም አለ። አስረስ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ተናኘ ወጧን አገኘች።

«ደረስክለት» አለ አብዶ። ከድኩላው ላይ ተንከባሎ በጀርባው ተጋደመ። አስረስ ያን ጊዜ ነው ያየው፤ ደሙ ሁሉ የድኩላ አልነበረም። የአብዶ ግራ ጭን ከጉልበቱ በላይ ተተርትሯል። ከቀዳዳው ደም በየልብ ምቱ ይንቆረቆራል።

«ለምን አልለቀቅከውም? ለምን?»

«ያዘው አላልክም?»

አስረስ ነጠላውን ቀዶ ቁስሉ ውስጥ ጠቀጠቀ፤ ከላይ በጠፍር እግሩን አጥብቆ አሰረ። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አብዶ ከንፈሩ ነጥቶም ወሬውን አላቆመም።

«ቆዳውን ስትገፍ እንዳትበሳው። የተበሳ ቆዳ ግማሽ ቆዳ ነው።»

«አብዶ፣ ሥጋውን እንተወው። ልሸከምህ።»

«ከተውከውማ ለምን ተወጋሁ? ግፈፈው።»

ገፈፈው፣ ቆዳውን ጠቀለለ፣ አንጀቱን ጣለ፣ ከፋፍሎ በማዳበሪያ ከረጢት አሰረው። ሲገፍ የኋላ እግሩ ላይ የቆየ ንክሻ አየ፤ የውሻ ጥርስ ይመስላል። ነገሬ አላለውም።

የዚያን ቀን ጉዞ እንዲህ ነበር። አስረስ ሥጋውን ይሸከምና መቶ እርምጃ ያህል ዳገቱን ይወጣል፤ ያወርደዋል። ይመለሳል፤ አብዶን በጀርባው ያዝላል፤ ከሥጋው አጠገብ ያወርደዋል። እንደገና ሥጋ፣ እንደገና ሰው። ሸለቆው ውስጥ ከራሱ ትንፋሽ በቀር የሚሰማው የለም። ጉልበቱ ሲከዳው ተናኘን ያነጋግራል፤ «እየመጣሁ ነው፣ ትንሽ ቀረኝ» ይላታል። ተናኘ አትመልስለትም። አርባ ቀን ሙሉ አልመለሰችለትም፤ ዛሬ ግን ዝምታዋ ከሌላው ቀን ይልቅ ከበደው።

ሁልጊዜ ሥጋውን ነበር የሚያስቀድመው። ለምን እንደሆነ ራሱንም አልጠየቀም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ጉሙ እንደገና ወርዶ ዛፎቹን ሲውጥ፣ ሥጋውን ከአንድ ጥድ ሥር አስቀምጦ ወደ አብዶ ሲመለስ፣ ከፊቱ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። ጅብ ነው። አንገቱን አንዘልዝሎ፣ አፍንጫውን ወደ አብዶ እግር አቅንቶ ይጠጋል። ከኋላው ሌላ አለ። አብዶ በክርኑ ተደግፎ ድንጋይ ይወረውራል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው እግሩ ሥር ይወድቃል።

«ሂድ ወዲያ! ሂድ!» ይላል አብዶ፣ በተሰበረ ድምፅ። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሥጋው ከላይ ነው።»

አስረስ ሦስተኛዋን ጥይት አጎረሰ። ይህቺም ብትከሽፍስ? ተኮሰ። ሸለቆው ተናወጠ፤ የፊተኛው ጅብ ተገለበጠ፤ ሌላው ወደ ጉሙ ገባ። አስረስ ሮጦ አብዶ አጠገብ ተንበረከከ። አፈረ። እንዲህ ያለ ኀፍረት ተሰምቶት አያውቅም። የሞተ ሥጋ አስቀድሞ ሕያው ሰው ለጅብ የተወ እሱ ነው።

«ከአሁን በኋላ አንተ ነህ የምትቀድመው» አለው።

«እየተማርክ ነው» አለ አብዶ።

ከዚያ በኋላ አብዶን እያስቀደመ፣ ሥጋውን ከዓይኑ ሳያርቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ከሆልቃ ወጣ። ወንዙ ጋ ደረሰና ቆመ። ትናንት ድንጋይ ለድንጋይ የተሻገሩት ወንዝ ዛሬ የለም። ቡናማ ጎርፍ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይጓዛል። ድምፁ ከሩቅ የከባድ መኪና ይመስላል። ማዶ የፉሪ ጀርባ ይታያል። ከፉሪ ባሻገር የጠጠር መኪና የሚያልፍበት መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ባሻገር ጤና ጣቢያ።

«አብዶ፣ ደርሰናል» አለ፤ ለራሱም እንዲሰማ።

አብዶ አልመለሰም። ዓይኑን ከድኖ ይተነፍሳል።

ያን ጊዜ ከቁጥቋጦው አንድ ቡላ ፈረስ ብቅ አለ። ከፈረሱ ጋር ሁለት ሰዎች፤ ልብሳቸው፣ እጃቸው፣ ፊታቸው በከሰል የጠቆረ። የፊተኛው ሽማግሌ ሊባል የተቃረበ ነው፤ መጥረቢያ ይዟል። ስሙ ዱጉማ ነው፤ ከኋላው ያለው ታናሽ ወንድሙ ሮበሌ። እግራቸው ሥር አንድ ቀይ ውሻ አፍንጫውን ወደ ከረጢቱ ዘርግቶ ይነፈንፋል።

«አካም ጅርቱ» አለ አስረስ።

ዱጉማ ሰላምታውን አልመለሰም። ውሻውን አየ፤ ከረጢቱን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ሳያስፈቅድ ፈታው። የድኩላውን የኋላ እግር ከፍ አድርጎ ንክሻውን ለወንድሙ አሳየው።

«ይሄ ድኩላ የኛ ነው» አለ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሻችን ሲያባርረው ነበር። የመጀመሪያውን ደም ያፈሰሰው እሱ ነው።»

አስረስ ይህን ወግ ያውቃል። መንዝም፣ ፉሪም፣ አዳኝ ባለበት አገር ሁሉ መጀመሪያ ያደማ ነው ባለቤቱ። ሰውየው እውነቱን ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደው። ሁለት ቀን፣ ሦስት ጥይት፣ ይህ ሁሉ ደም! ውጅግራውን አነሳና ደረቱ ላይ ደገነበት።

«ንካው» አለ። «ንካና እናያለን።»

ዱጉማ መጥረቢያውን ከፍ አደረገ፤ ወደኋላ ግን አላለም። ሮበሌ የፈረሱን ልጓም ለቀቀ። ውሻው አጉረመረመ። ለጥቂት ጊዜ ከወንዙ ድምፅ በቀር ምንም አልተሰማም።

አስረስን ያባነነው ይህ ዝምታ ነው። አንድ ነገር ጎድሏል። አሥራ ስምንት ዓመት አጥሩን አልፎ የሚሰማው፣ በሠርግም በለቅሶም የማይዘጋው፣ ጅብ ፊት እንኳ የቀለደው አፍ የለም። ጠመንጃ ተደግኖ፣ መጥረቢያ ተነስቶ፣ አብዶ አንዲት ቃል አላለም።

«አብዶ?»

ዝም።

«አብዶ!»

አስረስ ውጅግራውን አወረደ። 

«ጥይት የለውም» አለ። «ድኩላው የእናንተ ነው፤ ልክ ናችሁ፤ ውሰዱት። ይሄን ሰውዬ በፈረሳችሁ አሻግሩልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።»

ዱጉማ መጥረቢያውን ሳያወርድ አብዶን ተመለከተው። የጭቃ ቅርፊት የሆነ ኮፊያው ገና ራሱ ላይ ነው።

«ማን ነው ያረደው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ማተብህን አሳየኝ።»

አስረስ የሸሚዙን አንገት ገልጦ ጥቁሩን ክር አሳየው። ዱጉማም የራሱን ክር በጣቱ ነካ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያስ ይበላል» አለ። «እስላሙ አርዶት ቢሆን ምን ያደርግልኝ ነበር? ሮበሌ፣ ገመዱን አምጣ።»

 አብዶ በገዛ ቢላዋው አርዶ ቢሆን ኖሮ ጭኑ አይተረተርም ነበር፤ ግን ከተወጋ ወዲህ ከሞት የሚያወጣው ነገር ቢኖር እሱ ራሱ ሳያርደው የቀረው ሥጋ ብቻ ነው። ነገሩን አዙሮ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። አብዶን አንስተው ፈረሱ ላይ በሆዱ አስተኙት፤ እሱንም የተጠቀለለውንም ቆዳ በራሱ ጠፍር አሰሩ። ሮበሌ ገመዱን በወንድሙ ወገብ ላይ ቋጥሮ ጫፉን ዛፍ ላይ ጠምጥሞ ከሥጋው ጋር እዚያው ቀረ። ዱጉማ ፈረሱን ሊስብ ወደ ጎርፉ ገባ። አስረስ ከፈረሱ ጎን ሆኖ አንድ እጁን የአብዶ መቀነት ላይ፣ አንድ እጁን ውጅግራው ላይ አድርጎ ተከተለ።

ውሃው በሦስተኛው እርምጃ ደረቱ ደረሰ። ቅዝቃዜው ትንፋሹን ነጠቀው። ከመሐል ሲደርሱ ከላይ የመጣ ግንድ ፈረሱን ጎኑ ላይ መታው፤ ፈረሱ ተንሸራተተ፣ ጭንቅላቱ ሰመጠ፣ የአብዶ እግር ከጠፍሩ ሾለከ። አስረስ በአንድ እጁ ሊይዘው አልቻለም። ውጅግራውን ለቀቀ። የአያት ቅርስ፣ ስንት በረሃ ያቋረጠ መሣሪያ፣ አንዴ ሰደፉ ብቅ ብሎ ታየና ሄደ። አስረስ በሁለት እጁ አብዶን አቅፎ ከፈረሱ ጋር አጣበቀው።

«ያዝ! ያዝ!» ይላል ዱጉማ ወደ ሮበሌ። ገመዱ ተወጠረ። የፈረሱ ኮቴ ድንጋይ አገኘ፣ ሳተ፣ እንደገና አገኘ። ወጡ።

ማዶ ሲቆሙ ዱጉማ እየተንቀጠቀጠ የተጠቀለለውን የድኩላ ቆዳ ከኮርቻው ላይ ፈታ።

«ይሄ ከሥጋው ጋር አይቆጠርም» አለ። «ቆዳው የማን ነው?»

«የሱ ነው» አለ አስረስ፣ አብዶን እያሳየ።

«ታዲያ ይያዘው።» ከዚያ ፈረሱን እየመራ እስከ መንገዱ ድረስ አብሯቸው መጣ። አስረስ ሊያመሰግነው ሲል እጁን አወናጨፈና ጉሙ ውስጥ ገባ።

የመጨረሻው የጠጠር መኪና መብራቱን አብርቶ ቁልቁል ሲመጣ አስረስ መንገዱ መሐል ቆመ፤ ሾፌሩ ቢያቆምም ባያቆምም የማይንቀሳቀስ ሰው ይመስል ነበር። ሾፌሩ አቆመ። ጤና ጣቢያው አብዶን ተቀበለው፣ ሰፋው፣ ግሉኮስ ሰቀለለት። ሐኪሟ ወጥታ፣ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ» ብላ ሳትጨርስ ተመለሰች። አስረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። የአብዶ ሚስት ሙኒራ መጣች፤ ልትጮህበት አፏን ከፍታ፣ ፊቱን ስታይ ተወችው።

እሑድ ጠዋት አስረስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ እስከ ክርኑ የደረቀ ደም ሆኖ ሰፈሩ ደረሰ። ድግስ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ ግቢ እንደሚጠብቀው ገምቶ ነበር። አጥሩን አልፎ ሲገባ ግን ሰው ሞልቷል። አባ ኢያቄም ጸሎቱን ጨርሰው ተቀምጠዋል። ሶሬቲ የተናኘን ትልቅ ድስት ጉልቻ ላይ አውጥታ፣ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ፣ በሳህን በሳህን ትሰጣለች። ተናኘ ድግስ ያወጣችላቸው ሁሉ አሉ። ማንም ሥጋውን አልጠየቀም። አንዲት አሮጊት ንፍሮዋን እየቆረጠመች፣ «ጨው አታበዛም ነበር፣ ነፍሷን ይማር» አለች። ሌላዋ፣ «ለልጄ ሠርግ ሦስት ቀን አልተኛችም» አለች። አስረስ መሐላቸው ቆሞ አለቀሰ። እስከ ዛሬ ሰው ፊት አላለቀሰም ነበር።

«ልጄ» አሉት አባ ኢያቄም፣ እጁን ይዘው፣ «የት ነበርክ?»

«ሥጋ ፍለጋ፣ አባቴ።»

«አገኘህ?»

«አገኘሁ። ግን ሰው ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።»

አባ ኢያቄም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉና ሌላ ነገር አልጠየቁትም።

ፊቱን ታጥቦ፣ አንድ ሳህን ንፍሮ አስሞልቶ፣ የድኩላውን ቆዳ በብብቱ ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደ። አብዶ ትራስ ተደግፎ ተኝቷል። ገርጥቷል፤ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። አስረስ ቆዳውን አልጋው ጫፍ ላይ ዘረጋለት። አብዶ ወዲያውኑ በመዳፉ ዳበሰው፣ ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው።

«አንድ ቦታ በስተሃል» አለ።

«ጠመንጃህን ወንዝ ወሰደው፣ አብዶ። የአያትህን።»

አብዶ ቆዳውን ቀስ ብሎ አጣጠፈው። ከዚያ፣ «ሦስት ጥይት ነበረው፤ ሦስቱም አልቀዋል። አያቴ ነገሩ ይገባቸዋል» አለ።

አስረስ ሳህኑን አልጋው ላይ፣ በሁለቱ መሐል አስቀመጠ። አብዶ ንፍሮውን አየ፤ አስረስን አየ። አፉን ከፈተ፤ አስረስ ምን ሊል እንደሆነ ገባው።

«ይሄን» አለ አብዶ፣ «ማን አረደው?»

አስረስ ሳቀ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ጎኑን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከጎረቤት አልጋ ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። አብዶም ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣ «አታስቀኝ፣ ይተረተራል» እያለ ሳቀ። ከዚያ በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከአንድ ሳህን ውስጥ ከተቱ። አስረስ ባቄላ ባቄላውን እየለየ ወደ አብዶ በኩል ገፋለት፤ ደም ላነሰው ሰው ባቄላ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ ነበር።